ኩንታል፣ ቀትርና ተክሌ

ድሬ ውስጥ እግዜርን ሳይጠሩ ወሬ መጨረስ ይቻላል? እስቲ ሞክሩት። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም። ጎረቤታችሁን እንዴት አደርሽ ስትሏት አልሐምዱሊላህ ትላችኋለች። ነገ ትመጫለሽ ስትሏት ኢንሻአላህ ነው። ቲማቲም ሲመዘንላችሁ ቢስሚላህ፣ ሚዛኑ ሲያጭበረብራችሁ ወላሂ፣ ስትነጫነጩ ደግሞ «ተይው አቦ፣ አላህ ይተካልሽ» ትባላላችሁ። እኛ ክርስቲያኖቹ ጋም ያው ነው። ሲያስነጥሰው ይማርህ፣ ሲሻለው እንኳን እግዜር ማረህ፣ ሲሄድ በሰላም ያግባህ። በቀደም ከሳቢያን ባጃጅ ተሳፍሬ ስመጣ እኔና ሾፌሩ ያወራነውን የሰማ ሰው አንድ ሐጂና አንዲት መነኩሲት መንገድ ላይ የተገናኙ ነው የሚመስለው። ያወራነው ግን ስለ ጎማ ነው።

እንግዲህ በዚህ ከተማ ነው አንድ ሰው ብድግ ብሎ እግዜር የማይጠራበት የአማርኛ ፕሮግራም እሠራለሁ ያለው። ድፍረት አይደለም? ድፍረት ነው እንጂ። የድፍረቱ መቀስ ደግሞ እኔ እጅ ላይ ነበር።

መቀስ ስላችሁ የልብስ ሰፊ እንዳይመስላችሁ። ድምፅ ነው የምቆርጠው። ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ከዚያ ጎን የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ስሜ አስናቀች ነው፤ ድሬ ስም ማስረዘም ስለማይወድ አስኑ ይለኛል። የአጎት ረጅም ንግግር፣ የሚዜ ስካር፣ የሙሽራው የቀድሞ ፍቅረኛ ድንገት ካሜራ ውስጥ የገባችበትን ቦታ፣ ሁሉንም ቆርጬ ስጥል ነው የኖርኩት። የስንቱን ትዳር እንዳቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ይህን ሙያዬን የሰማ ተክሌ አንድ ቀን መጥቶ የጓሮ ክፍልሽን አከራዪኝ፣ አንቺም አብረሽ ሥሪ አለኝ።

ተክሌ የድሮው ባቡር ጥገና ክፍል ጡረተኛ ነው። በዕድሜ አባቴን ያህላል፤ ግን አንተ ነው የምለው። የሌላ አገር ሰው እንዳትታዘቡኝ፣ ድሬ እንዲህ ነው። ተክሌን አንቱ ብለው «ምን በደልኩሽ?» ብሎ ነው የሚደነግጠው። እናቱ ያወጡለት ስም ተክለሃይማኖት ነበር። በወጣትነቱ ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ ማንበብ የጀመረ ሰሞን ሃይማኖቱን ከስሙ ላይ ቆርጦ ጣለና ተክሌ ብቻ ሆነ። እናቱ ይህን ሲሰሙ፣ ምነው ልጄ፣ ከቆረጥክ አይቀር ተክሉን ቆርጠህ ሃይማኖቱን ብታስቀር አሉ ይባላል።

እግዜር የለም ይላል። በቃ፣ የለም። ክርክር ስትጀምሩት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ይዘጋችኋል። ለድሃ ግን ይሞታል። የተገፋ ሰው ካየ እንጀራ አይወርድለትም። እኔ ቁልቢ ስለት ይዤ የምሄድ ሴት ነኝ፤ የሚያምነውን ሁሉ ደርድራችሁ በደግነት ከተክሌ የሚበልጥ አምጪ ብትሉኝ ብዙ አላገኝላችሁም። ይህን ስነግረው ይናደዳል። ደግነት አይደለም፣ የመደብ አቋም ነው ይለኛል። ይሁን፣ ምን ቸገረኝ።

ሦስተኛዋ ሙና ናት። መጋላ ሰፈር ተወልዳ መጋላ ያደገች፣ አባቷ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የነበረ ሶማሌ። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን በአንድ ትንፋሽ ታነሳዋለች። ወሬ የምታመጣልን እሷ ናት። ሶላት አያልፋትም። ግራ ዘመምነቷ ግን ከተክሌ ይብሳል። ተክሌ ስለ ብዝበዛ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሙና «ግፍ ሐራም ነው» ብላ ትጨርሰዋለች።

የፕሮግራማችን ስም ትከሻ ነው። በቴሌግራምና በዩቲዩብ በየሳምንቱ ይወጣል። ትከሻ ያልነው ለጫኝና አውራጆች ብለን ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ ስኳር ይሁን ሩዝ፣ ዘይት ይሁን ዱቄት፣ የሆነ ሰው ትከሻ ላይ ሳያርፍ እናንተ ማዕድ ላይ አይደርስም። የባጃጅ ሾፌሩ ይሰማናል፣ የጉልት ሴቱ ይሰማናል። ካላመናችሁኝ መጋላ ገብታችሁ ጠይቁ።

ችግሩ ተክሌ ያወጣው ሕግ ነበር። በትከሻ ላይ ሰማይ አይጠራም። ሰው ቃለ ምልልስ ሲሰጥ አላህ ካለ ይቆረጣል፣ እግዜር ካለ ይቆረጣል፣ ኢንሻአላህ ካለ ይቆረጣል። ለምን ስለው ምክንያት ነበረው። ሠራተኛው «አላህ ያውቃል» ባለ ቁጥር አለቃው እፎይ ይላል አለኝ። እውነት አለው? አለው። ሙና ግን አልተዋጠላትም። ቢሆንም መቅረጫዋን ስትከፍት ቢስሚላህ ብላ ትጀምርና እኔን አየት አድርጋ፣ ቁረጪው፣ ኃጢአቱ ያንቺው ነው ትለኛለች። ገነት ስትገቡ እኔ በር ላይ እንደምቀር ከወዲሁ እወቁልኝ።

አንዴ ሙና ከጀልዴሳ ገጠር ወተት ይዛ የምትመጣ አንዲት እናት ቀረጸችልን። ሴትየዋ ስለ ድርቁ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ልጆቿ ሆዷን ዘርግፋ አወራች። ችግሩ በየቃሉ መሃል አላህ አለ። ረቢ አለ። ምስጋና አለ። እንደታዘዝኩት ቆረጥኩ። ቆርጬ ቆርጬ ስጨርስ የቀረው፣ «ወተት… ፍየሏ… ሞተች… ወተት» የሚል ነገር ነው። ተክሌ ሰምቶ ደስ አለው፤ አጭርና ግልጽ ነው አለ። ሙና ግን ፊቷ ቀላ። ሴትየዋ የነገረችን እንዴት ሁሉን ችላ እንደኖረች ነው፣ አንተ ያስተላለፍከው የፍየል መርዶ ነው አለችው። በሳምንቱ ኮሜንት ላይ አንዱ፣ ምነው የምትጋብዟቸው ሰዎች ሁሉ ትን ይላቸዋል ብሎ ጻፈልን።

የክፍሉን ነገርማ ተዉት። ግድግዳው ላይ ፍራሽ ለጥፈናል። ግን ፍራሽ አዛን ያቆማል እንዴ? በአንድ በኩል መስጊድ፣ በሌላ በኩል ቤተክርስቲያን፣ ሁለቱም ድምፅ ማጉያ አላቸው። ስለዚህ ተክሌ ቀረጻ የሚይዘው በሶላትና በቅዳሴ መሃል ባለች ክፍተት ነው። ከዚህ የተነሳ ከተማው ውስጥ ከእሱ በላይ የጸሎት ሰዓት የሚያውቅ ጠፋ። ረመዳን ላይ ጎረቤቶች ማፍጠሪያው ደረሰ ወይ ብለው የሚጠይቁት ከሃዲውን ተክሌን ነው።

እንዲህ እየተቋሰልንም እየሳቅንም ስንኖር የአብዲ ነገር መጣ።

አብዲ የሙና ታላቅ ወንድም ነው። ሐጂ ዩያ የሚባል ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ይሠራል። ሐጂ ዩያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐቁን ልናገር። ዘካውን የሚያወጣ፣ ለቅሶ የማይቀር ሰው ነው። ግን መጋዘኑ በር ላይ መኪና ከቆመ ከመኪናው ሌላ ነገር አይታየውም። የድሬን ቀትር ታውቁታላችሁ። ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል፣ ከተማው ሽርጥ ለብሶ ይጋደማል። የሐጂ ዩያ ሠራተኞች ግን በዚያች ሰዓት ኩንታል ተሸክመው ከመኪና መጋዘን፣ ከመጋዘን መኪና ይላሉ። አንድ ቀን አብዲ ከነኩንታሉ ተዘረጋ። ውሃ ደፍተውበት ነቃ። ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ሐኪሙ በዚህ ፀሐይ ቀትር ላይ መሸከም ካላቆምክ ልብህ አይችለውም አለው።

ማቆም! በምን አቅሙ ያቆማል? ልጆች አሉት። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ቀትር ላይ አንዲት ሰዓት እንረፍ አሉ። ሐጂ ዩያ፣ መኪናው ዛሬውኑ ይመለሳል፣ የደከመው ይሂድ፣ በር ላይ ሥራ የሚጠብቅ ሞልቷል ብሎ መለሳቸው። አብዲም በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ኩንታሉ ሥር ገባ።

እኛም ሠራንበት። ተክሌ እረፍት መብት ነው የሚል ንግግር አደረገ። ጥሩ ንግግር ነው፣ አልዋሽም፣ እኔ ራሴ ቆርጬ ሳቀናብረው ደሜ ፈላ። የሐጂ ዩያ ደም ግን አልፈላም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ።

ሙና ታዲያ አንድ ጠዋት መጣችና መላ አገኘሁ አለች። እረፍት ብለን ስለጠየቅን ነው እንጂ ሶላት ብንል ሐጂ እምቢ ይላል ወይ? ልጆቹ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ የሚሰግዱት ተራ በተራ፣ መኪና ጥግ፣ እየተጣደፉ ነው። ሁሉም ባንድ ላይ ወጥተው ይስገዱ እንበል። ሰግደው ጥላ ውስጥ አረፍ ይላሉ። በትከሻ ላይ እናውጣው አለች።

ተክሌ ከወንበሩ ተነሳ። ከወንበሩ ሲነሳ ጣጣ እንዳለ አውቃለሁ። ትከሻ አለቃ በር ላይ ቆሞ በእግዜር ስም ሊለምን ነው? ሰው ሲደክመው ያርፋል፤ ለማረፍ ምክንያት ማቅረብ አለበት? ዛሬ በጸሎት እረፍት ከተቀበልን፣ ነገ በደሞዝ ፋንታ ምርቃት ይሰጡናል አለ። ሙናም አልተኛችም። ወንድሜ እየወደቀ አንተ ቃል ትመርጣለህ አለችው። ያን ጊዜ ተክሌ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ደሳለኝስ? አለ።

ደሳለኝ የአብዲ የሥራ ጓደኛ ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለው። ሶላት ያለው ሲወጣ ደሳለኝ የአብዲንም የራሱንም ይሸከም ማለት ነው? ይህን ነው የጠየቀው። ሙናን ጥያቄው ነካት። የተነካ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ይቆጣል። አንተ የምትጠላው ሃይማኖትን ነው፣ የምትወደው ሠራተኛ በአላህ የሚያምን ሠራተኛ ነው፣ እንዴት ነው የሚሆንልህ? አለችና ስልኳን አንስታ «ሀዬ፣ በቃ» ብላ ወጣች። በሩን ስታላጋው አንዱ ፍራሽ ከግድግዳው ወደቀ። ሁለቱንም ባንድ ገመድ አስሬ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ባስቀምጣቸው ደስታዬ ነበር።

ሙና ግን ሙና ናት። ሠራተኞቹን ይዛ ሐጂ ዩያ ፊት ቆመች። ሐጂው ሶላት የምትለዋን ቃል ሲሰማ ደነገጠ አሉ። አስተግፊሩላህ! እኔ ነኝ ሶላት የምከለክለው? አለ። እዚያው፣ ቆሞ እያለ፣ ለዙህር አንድ ሰዓት ፈቀደ። ሙና ደውላ ስትነግረኝ ጮህኩ፤ ፎቶ ኮፒ የሚያስደርግ ደንበኛ ደንግጦ ወጣ።

ደስታችን ግን እስከ ማግስቱ ቀትር ነው። አዛን እንዳለ የጫኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ በር ላይ ቆሞ፣ ሶላት ያለው ይውጣ፣ የሌለው ይሸከም አለ። እዚህ ላይ የኩንታልን ነገር ልንገራችሁ። ኩንታል ማንም ሰው ብቻውን ትከሻው ላይ አያወጣም። ሁለት ሰው ወዲህና ወዲያ ይዞ ያሸክማል፣ ሦስተኛው ይሸከማል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ድሬ ደግሞ ሰው ጓደኛ ሲይዝ ሃይማኖቱን አይጠይቅም፤ አንድ ሰፈር ካደጉ አለቀ። የአብዲ ቡድን አብዲ፣ ቃዲርና ደሳለኝ ነው። ሌላውም እንዲሁ ድብልቅ ነው። ሙስሊሞቹ ሲወጡ ሙሉ ሆኖ የቀረ አንድ ቡድን አልነበረም። ካቦው የተረፉትን ለቃቅሞ አዲስ ቡድን ሠራ። ሰው አነሰ፣ መኪናው ያው ነው። ስለዚህ የቀሩት በእጥፍ ተሸከሙ።

አብዲ ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ መስጊዱ ጥላ ደርሷል። ዞር ቢል ደሳለኝ ከነኩንታሉ እየተንገዳገደ ነው። ተመልሶ መጣ። ለሙና ምን አላት መሰላችሁ? ጓደኛዬ ፀሐይ ላይ ሲንገዳገድ እኔ ሰጅዳ ብወርድ ልቤ የት ነው? አላት። ቃዲርም ተመለሰ። አንድ ባንድ ሁሉም ተመለሱ፤ እንደ ድሯቸው ተራ በተራ፣ መኪና ጥግ ሰገዱ። የተፈቀደችው ሰዓት እንደ ሙሽራ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ቀረች። በሦስተኛው ቀን የአብዲ አፍንጫ ደማ። ደሙን በሽርጡ ጠርጎ ተሸከመ።

ሙና ያን ቀን ስቱዲዮ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ተክሌን ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች። አፉን እንዲይዝ በልቤ ገብርኤልን ለመንኩ። አልያዘም። «አላልኩም?» አለ።

እኔም የያዝኩትን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። አልክ አልኩት። አልክ! ትክክል ነህ! ጀግና ነህ! እና ምን ይሁን? አብዲ መቃብር ላይ ተክሌ ብሎ ነበር ብለን እንጻፍ? አንቺም ብዬ ዞርኩባት፤ አንቺም ለግማሹ ብቻ ጠይቀሽ የመጣሽ፣ ደሳለኝ የእንጀራ ልጅ ነው? ያልተናገርኩት የለም። ሦስታችንም ፍራሹን እያየን ተቀመጥን።

ተክሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ደሳለኝ ቤተክርስቲያን ይሳለማል? አለ። ሙና ወደ ግድግዳው እንደዞረች፣ እሁድ እሁድ አይቀርም አለች። ሌሎቹስ? ሌሎቹም። ተክሌ መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ ዞረና «ክፈቺ» አለኝ። ምኑን? መቅረጫውን! አለ።

ከፈትኩ። እናንተዬ፣ ምን ልበላችሁ! ያ ሰው ለካ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ዳዊት የደገመ ነው። ይኸው ዓመት ሙሉ አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። ጀመረ። ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አለው አለ። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። አንዱም ሳያደናቅፈው ወረዳቸው። ቀትር ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ቀትር ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት ነው አለ። በዚያች ሰዓት ክርስቲያን ቆሞ ይጸልያል እንጂ ኩንታል አይሸከምም። ሰው ጸሎቱን ሲነጠቅ ዝም የሚል ከተማ ድሬ አይደለችም አለ። ድምፁ ራሱ ተለወጠ፤ ረዘም፣ ለስለስ፣ ከዚያ ነጎድጎድ። ካባ ብቻ ነበር የቀረው። እኔ ሳላውቀው አማተብኩ። ሙና ከግድግዳው ዞራ አፏን ከፍታ ታየዋለች።

ሲጨርስ መነጽሩን መልሶ አደረገ። እኔም እንደ ልማዴ፣ ጌታ የሚለውን የቱ ጋ ልቁረጠው? አልኩት።

«አንዲት ፊደል ብትነኪ!» አለኝ ጣቱን ቀስሮ።

ሙና ከወንበሯ ወደቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ማሻአላህ ተክሌ፣ ማሻአላህ ትላለች። ዝም በይ፣ ቀልድ አይደለም ይላታል። እሱም ግን አልቻለም፤ ከቀናት ኩርፊያ በኋላ ሦስታችንም ያን ቀን ሳቅን።

ያ ድምፅ በቴሌግራም ወጣ። መቼም እንዲህ ሰው ሰምቶን አያውቅም። ከአዲስ አበባ የተክሌ የድሮ ጓዶች ግን እሳት ጎረሱ። ትከሻ የሰንበት ትምህርት ቤት ሆነ ወይ አሉ። አንዱ ደውሎ አንተ ከሃዲ አለው። አያችሁ? እስከዚያ ቀን ከሃዲ የሚሉት አማኞቹ ነበሩ፤ አሁን ከሃዲ ያሉት ከሃዲዎቹ ናቸው። ተክሌ ስልኩን ይዞ ትንሽ አሰበና፣ አንተ ቀትር ላይ ኩንታል ተሸክመህ ታውቃለህ? ብሎ ዘጋበት። ሆድ ብሶት ነበር፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ግን ዘጋበት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደሳለኝና ጓደኞቹ ኩንታሉን መሬት አስቀመጡ። ስልክ ይዘው ሐጂ ዩያ ዘንድ ሄዱ። ሙና እየቀረጸች ከኋላ አለች፤ የምነግራችሁ እሷ ካመጣችው ድምፅ ነው። ቀትር ነው፣ እኛም ጸሎት አለን አሉ። ስልኩን ከፍተው አሰሙት። ሐጂ ዩያ እንዴት ብሎ እምቢ ይበል? ለእስላሙ ፈቅዶ ለክርስቲያኑ ከለከለ ከተባለ ድሬ ውስጥ በምን ፊቱ ይሄዳል? ግራ ገባው። ጴንጤ የሆነ አንድ ልጅ ከመሃል ወጣና፣ እኛ በማንኛውም ሰዓት ነው የምንጸልየው፣ ስለዚህ በዚህም ሰዓት ነው አለ። ሐጂ ወደ ካቦው ዞሮ፣ አንተስ የየትኛው ነህ? ቢለው፣ እናቴ እስላም አባቴ ክርስቲያን፣ እኔ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም፣ ሁለቱንም እወስዳለሁ ብሎ አረፈው።

ሐጂ ዩያ እንግዲህ ማምለጫ ሲፈልግ ይመስለኛል፣ ለመሆኑ ይሄ ስልክ ላይ ያለው ቄስ ማነው? የየትኛው ደብር ነው? ብሎ ጠየቀ። ደሳለኝ፣ ኧረ ቄስ አይደለም፣ ተክሌ ነው አለው።

ድምፁ ላይ እዚህ ቦታ ሐጂው፣ የቱ ተክሌ? የባቡሩ ተክሌ? አብረን ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ የተራገጥነው? እግዜር የለም ብሎ ስንት ዓመት በርጫዬን ያበላሸብኝ ተክሌ? ይላል። አዎ ሲሉት ሩዝ ኩንታል ላይ ዘፍ አለና መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ ሲስቅ ሳል ያዘው። ውሃ አምጡለት ይላል ካቦው። ሳቁ ሲበርድለት ዓይኑን ጠረገ፣ ሠራተኞቹን ባይኑ ዞረ፤ አብዲ ጋ ሲደርስ፣ ሽርጡ ላይ የደረቀውን ደም ሲያይ፣ ሳቁ ጠፋ አለች ሙና። «ተክሌን እግዜር ያስጠራ ነገር፣ ወላሂ፣ እውነትም ከባድ ነው» አለ። ለሁሉም፣ አንድ ሰዓት፣ ሸራም ወጥሩ፣ ብሎ ተነሳ።

አሸነፍን! አሸነፍን እኮ ነው የምላችሁ! እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ፎቶ ኮፒ ቤቴን ዘግቼ መንገድ ላይ እልል አልኩ። ሰርግ ነው ወይ አሉኝ፤ ከሰርግ ይበልጣል አልኩ።

በማግስቱ ሙና እኔንና ተክሌን እየጎተተች ወሰደችን። ቀትር ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መኪናው ቆሟል። ሸራው ተወጥሯል። በአንድ በኩል ተሰልፈው ሰገዱ፣ በሌላ በኩል ቆመው አቡነ ዘበሰማያት አሉ፣ ጴንጤው ልጅ ጥግ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ፤ ካቦው መጀመሪያ እዚህ፣ ቀጥሎ እዚያ ቆመ። ሁሉም ተጠናቆ ሩብ ሰዓት አልሞላም። ከዚያ ሸራው ሥር ተዘረሩ። አብዲ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ጭንቅላቱ የደሳለኝ እግር ላይ ነው። ፊቱ ላይ ያ የሰሞኑ የሚያስፈራ ግራጫ መልክ የለም። ሙና አጠገቡ ተቀምጣ በሻሽዋ ጫፍ ዝንብ ታባርርለታለች። እኔ አለቀስኩ። ለምን አላለቅስ? በሕይወቴ ቆርጬ ካቀናበርኩት ሰርግ ሁሉ እንደዚያ የሚያምር አላየሁም።

ተክሌ ጥላው ዳር ቆሞ የሚያንኮራፉትን ተራ በተራ አያቸውና፣ ይኸው እረፍት ማለት ይሄ ነው፣ አላልኩም? አለ። ሙና ቀና ሳትል፣ ይኸው ሶላት ያመጣው ነው፣ አላልኩም? አለች። ይህን ክርክር ዛሬም አልጨረሱትም። እኔ ግን የሕጉን ጉዳይ ጨርሼዋለሁ። መቀሴን አስቀምጫለሁ፤ ሰው በትከሻ ላይ የፈለገውን ይጥራ። ተክሌም አይቶ እንዳላየ ሆኗል፤ ዝም አይነቅዝም።

ወሬው መቼም ድሬ ውስጥ አይቆምም። ከሳምንት በኋላ የሌላ መጋዘን ጫኝና አውራጆች መጡ። የጓሮዋ ክፍል ሞላች። ለሐጂ ዩያ ልጆች ያደረጋችሁትን ለኛም አድርጉልን፣ እኛም ቀትር ላይ እያለቅን ነው አሉ። ደረታችን ተነፋ። እኔ ሻይ አዘዝኩ። ሙና እንደ ጄኔራል እግሯን አነባብራ፣ አይዟችሁ፣ ቀላል ነው አለቻቸው። አለቃችሁ እስላም ነው? ክርስቲያን ነው? ያንን ብቻ ንገሩኝ።

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ራሱን አከከ። ኧረ እሱ በምንም አያምንም አለ። ሶላት ስንለው ኋላ ቀርነት ነው ይለናል። ቀትር ስንለው አፈ ታሪክ ነው ይለናል። እረፍት ስንለው ደግሞ መጽሐፍ ጠቅሶ ስለ ሥራ ክቡርነት አንድ ሰዓት ያስተምረናል፤ እየተሸከምን ነው የምንሰማው። ድሮ ከተክሌ ጋር አንድ የንባብ ክበብ ነበርን ሲል ሰምተናል አለ።

ሁላችንም ወደ ተክሌ ዞርን። ሙና በደስታ ፊቷ በራ። ይሄኛውማ ያንተ ወገን ነው፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ በል በምን እንደምንይዘው ንገረን አለችው።

ተክሌ መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። መልሶ አደረገው። አውቀዋለሁ አለ። በጣም ነው የማውቀው አለ። ከዚያ ልጆቹን አንድ ባንድ አያቸውና በጣም አዝኖ፣ «ለእሱስ ጸልዩለት» አላቸው።